በንጹህ ውሃ ውስጥ የሞቱት ዓሦች

ያኔ የምሠራው ገርጂ፣ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ ባለች ትንሽ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነበር። የፋብሪካ ፍሳሽ በተለያየ መጠን በውሃ ይበረዝና ትናንሽ ዓሦች ይገቡበታል፤ ስንቱ እንደሞተ በላብራቶሪ ተቆጥሮ ለእኔ ይላካል። ፍሳሹ ከየትኛው መጠን ጀምሮ እንደሚገድል በስታቲስቲክስ ማውጣት የእኔ ድርሻ ነው። ዓሦቹን በሕይወት አይቻቸው አላውቅም።

በዚያ ክረምት የመጣው ዳታ ግን አልሆን አለኝ። ለማነጻጸሪያ ተብለው ንጹህ ውሃ ውስጥ የተቀመጡትም ዓሦች አልቀዋል ማለት ይቻላል። እነሱ ከሞቱ፣ ሌሎቹን ፍሳሹ ይግደላቸው ሌላ ነገር በምን ይታወቃል? ስሌቱን እየቀያየርኩ ስሞክር ሰነበትኩ። ሁሌም የሚወጣው ያው ነው፤ ልዩነት አይታይም።

አለቃዬ ጡረታ የደረሱ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሰው ናቸው። ፍሳሹን ያስመረመረው ደንበኛ በየሰዓቱ ይደውልባቸዋል። ስክሪኔን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልዩነት ከሌለ ጉዳት የለውም ብለሽ ጻፊዋ» አሉኝ።

«ማየት አልቻልንም እንጂ የለም ማለት እኮ አይደለም፣ ጋሼ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ላብራቶሪው ሄጄ እንድጠይቅ ነገሩኝ።

ላብራቶሪው ቦሌ ሚካኤል ነው። በጭቃ ሄጄ ደረስኩ። ዓሦቹን የምትከታተለው ሴት ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መብራት ጠፍቶ አየር የሚሰጣቸው ፓምፕ እንደቆመ፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ እንዳልነበረው፣ ለኃላፊዋ ብትናገር «እንዳለ ላኪው» እንደተባለች በቀስታ ነገረችኝ።

«የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አለች።

ሙከራው ተደገመ። ደንበኛው ተቆጣ፤ አለቃዬ ቁጣውን ተቀበሉ። በዚህኛው ዙር ንጹህ ውሃ ውስጥ ያሉት ዓሦች ደህና ሰነበቱ፤ ፍሳሹ ውስጥ የገቡት፣ ብዙ የተበረዘው ውስጥ ያሉትም ጭምር፣ አለቁ። ግራፉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ለተማሪ ማሳያ የሚሆን ዓይነት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ሪፖርቱን ላክን። ደንበኛው «ደርሶናል» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ሰጥቶን አያውቅም።

ሪፖርቱ የሄደ ዕለት መገናኛ ዝናብ ላይ ተሰልፌ የየካ አባዶ ታክሲ ያዝኩ። ባለቤቴ ሰሞኑን ስለነዚህ ዓሦች ስነጫነጭ ሲሰማ ስለከረመ፣ በሩን ከፍቶልኝ ውጤቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ይገድላል» አልኩት፣ እርጥብ ጫማዬን እያወለቅኩ።

እራት ቀርቦ ነበር። ሳልበላ ተኛሁ።