በነፃም አንፈልግም

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት «ኢንጂነር» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ነፃው»። ቅጽል ስሙን ለራሱ ያወጣው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከማንም ጋር፣ ስለ ምንም ነገር ወሬ ቢጀምር፣ ወዲያው «ነፃ እኮ ነው!» ወደሚለው ነገር መጠምዘዙ አይቀርም።

ነፃ የሚለው ሊኑክስን ነው፤ ማንም ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ ያለ ክፍያ የሚጭነውን፣ አሠራሩም መርምሮ ለመለወጥ ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነውን የኮምፒውተር ሥርዓት። መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ግን፣ እንደ አካባቢው ሁሉ፣ ከመንገድ ዳር ሱቅ በፍላሽ ተቀድቶ የመጣ ዊንዶውስ ነበር። ነፃው ይህን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። «የተሰረቀ ነገር ላይ ቁጭ ብላችሁ ስለ ሌብነት ታወራላችሁ» ይላቸዋል፣ ምሳቸውን እየበሉ። እነሱም ሰምተው እንዳልሰሙ ያኝካሉ።

የሚያበግነው አለማወቃቸው አልነበረም። ለማወቅ አለመፈለጋቸው ነው። ሰው የሚባል ፍጡር፣ በእሱ ቤት፣ ሚስማሩ ከሚወጋው የለመደ ወንበር ተነሥቶ ደህናው ላይ መቀመጥ ሞት የሚመስለው ፍጡር ነው።

አንድ ሰሞን ቫይረስ ገብቶ የአቤቱታ ክፍሉን ፋይል በሙሉ ቆልፎት ቁጭ አለ። ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ ነፃውን አስጠራው።

«ያንተ ነገር ቫይረስ አይነካውም ነው የምትለው?»

«እንዲህ በቀላሉ አይነካውም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ጫነውና ገላግለን። ለሠራተኞቹ ግን አስቀድሞ አይነገራቸውም?»

«ከተነገራቸው እንቢ ይላሉ» አለ ነፃው።

ቅዳሜና እሑድ ባዶው ሕንፃ ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ፣ እያፏጨ፣ በሁሉም ላይ ጫነ። እንደዚያ ደስ ብሎት የሠራበትን ቀን አያስታውስም።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የጮኹት እትዬ ናቸው። እትዬ የአቤቱታ ክፍሉ አንጋፋ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ ጡረታቸው ደርሷል፤ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው «እትዬ» የማይላቸው የለም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ኮምፒውተሩን ከፈቱ፣ ከዚያ «ኧረ የሰው ያለህ! ምን ገባበት ይሄ ነገር?» አሉ።

የለመዷቸው ምልክቶች የሉም። ደብዳቤ የሚጽፉበት ቦታ ተቀይሯል። ማተሚያው ወረቀቱን ይስብና ባዶውን ይተፋዋል። ቧንቧው የፈነዳበት፣ ውሃው የጠፋበት ባለጉዳይ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ «ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል። ነፃው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠ «ከታች አለልህ»፣ «ስሙ ነው የተቀየረው»፣ «ማንበብ አትችዪም?» ሲል ዋለ። በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንቱ ሳያልቅ ደግሞ እትዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት የላኩት ደብዳቤ እዚያ ሲከፈት ሠንጠረዡ ተበታትኖ፣ ቁጥሩ ከመስመር መስመር ዘልሎ ተገኘ። አንዱ ጎረምሳ ስልክ ደውሎ፣ «እትዬ፣ ምነው፣ ቀምሰው ነው እንዴ የጻፉት?» አላቸው። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ደብዳቤ ተመልሶባቸው አያውቅም።

ስልኩን ዘግተው በቀጥታ ወደ ነፃው ጠረጴዛ መጡ።

«ልጄ፣ የድሮውን መልስልኝ። ይሄ ነገር በሰው ፊት አዋረደኝ።»

«ያዋረደዎት እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው? እኔ ምን አጠፋሁ?»

ነፃው ከጠዋት ጀምሮ ሲሰደብ ነው የዋለው። ምሳ አልበላም። «ለመማር ሰንፈሽ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «ሕፃን ልጅ የሚችለውን አንቺን የሚያህል ሰው እንዴት ያቅተዋል? መነጽር አድርገሽም አታዪም!»

መስኮቱ ላይ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ባለጉዳዮች ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ። ኃላፊው እንኳ እትዬን አንቱ ነው የሚላቸው።

«አንቺ አልከኝ?» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

ነፃው ቃሉን መልሶ ሊውጠው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም አፍጥጠው ሲያዩት እልህ ያዘው።

«ስማ» አሉት እትዬ። «የድሮው ሲያስቸግረኝ አጠገቤ ያለችውን እጠይቃለሁ። እሷ ካላወቀች ማዶ ያለውን እንጠይቃለን። ተሳስቀን፣ ተሰዳድበን፣ እናገኘዋለን። ያንተ ሲያስቸግረኝ ግን ከአንተ በቀር የምጠይቀው የለኝም። አንተን መጠየቅ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀውም። ነፃው ለመዱት ማለት ነው ብሎ ደስ ሊለው ጀምሮ ነበር። አንድ ከሰዓት ከቅርንጫፍ ቢሮ ሲመለስ ግን የመንገድ ዳሩ ባለ ሱቅ በእትዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፍላሹን ሰክቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦት አገኘው። ኮምፒውተሩ ያንን የለመዱትን የመክፈቻ ድምፅ ሲያሰማ አጨበጨቡ።

«ቫይረሱን ረሳችሁት?» አለ ነፃው ከበሩ።

«ከአንተ ቫይረስ ይሻለናል!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤ ሳቁ ክፍሉን ሞላው።

ነፃው ዘልቆ ገብቶ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ጫጫታውን ሰምቶ ኃላፊው ወጣ።

«ሰካው» አለው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የፈቀዱት…»

«ሰካው አልኩህ!»

ጎንበስ ብሎ ሰካው። በሳምንቱ የቆጣሪ መጋዘን ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ጋር፣ ብቻውን እንዲሠራ ተመደበ።

ለሚስቱ የነገራት ያን ዕለት ማታ ነው። ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿን ወረቀት እያረመች ሰማችው። «አይዞህ» እንድትለው ጠብቆ ነበር።

«እኒያን ሴትዮ አንቺ አልካቸው?» አለችው።

«ተናድጄ ነው።»

«እኔንስ ደደብ ያልከኝ ተናድደህ ነው?»

«መቼ?»

«ፈተና ልጽፍ ቁጭ ብዬ፣ ይሄ ያንተ ነገር አላትም አለኝ ስልህ። አንዴ ብቻ እንዳይመስልህ። ስጠይቅህ መጀመሪያ ትስቃለህ፣ ቀጥለህ ትቆጣለህ፣ ከዚያ ኪቦርዱን ከእጄ ነጥቀህ ራስህ ትሠራዋለህ። ፈተናዎቼን ሁሉ የምጽፈው እህቴ ቤት እየሄድኩ ነው።»

«ቤታችን ኮምፒውተር እያለ?»

«ከአንተ ጋር ከምጨቃጨቅ ታክሲ ብጋፋ ይቀለኛል» ብላ እርማቷን ቀጠለች።

ነፃው አኩርፎ ሰነበተ። አንድ እሑድ ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከፍቶ የራሱን ሥርዓት አጠፋና ዊንዶውሱን ጫነላት። ጥርሱን ነክሶ ነው የጫነው። ማተሚያውን ሞከረው፤ ጥርት አድርጎ አተመ። ከዚያ ጠራት።

«ይኸው። የለመድሽውን።»

መጥታ አየችው። ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለች። «አሁን ግን እህቴ ጋ ልሂድ፣ እየጠበቀችኝ ነው። እዚያ እየተሳሳቅን ስለምንሠራ ሥራም አይመስለኝ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ነፃው አንድ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበና እሷ ሳትመለስ የራሱን መልሶ ጫነበት።