ያጠፋሁት ማሽን «አለሁ» ሲል

ከጎጃም ወደ ቆቦ የተመደብሁት የአንድ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተሮችን እንድጠብቅ ነበር። የታካሚው ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የገባው በእኔ እጅ ነው። መዝገቡ ያለው ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በተጫነበት ቨርችዋል ማሽን ላይ ነበር፤ ማለትም ቢሮዬ ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ራሱን ችሎ በሚሠራ፣ በዓይን በማይታይ ሌላ ኮምፒውተር ላይ። ካርድ ክፍሉም ሐኪሞቹም ከእሱ ጋር የሚገናኙት በኔትወርክ ነው።

ግንቦት ላይ ኔትወርኩ ይጠፋ ጀመር። ጨርሶ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር። ሩብ ሰዓት ይጠፋና ምንም ሳልነካው ይመለሳል። ከዋጃ በሚኒባስ የመጡ እናቶች በዚያ ሙቀት በካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ኬብሉን ቀየርሁ። መስመሮቹን ሁሉ የሚያገናኘውን ስዊች ቀየርሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ። ማሽኑ ራሱ የሚጽፈውን የሥራ ማስታወሻ መስመር በመስመር አነበብሁ፤ እሱ እንደሆነ ደህና ነኝ ነው የሚለው።

ማሽኑ ደህና ከሆነ ሰው ነው አልሁ።

ካርድ ክፍሉን የያዙት ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ጡረታቸው የቀረበ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። ገና እንደመጣሁ «ልጄ፣ ወረቀት እኮ መብራት አይፈልግም» ብለውኝ ነበር። ያኔ ስቄ ያለፍሁት ንግግር አሁን ሌላ ትርጉም ያዘ። በቢሮዬ በር ስንጥቅ እመለከታቸው ጀመር። ወረቀት ይዘው ይነሳሉ፤ ስዊቹ በተሰቀለበት ኮሪደር ያልፋሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩ ይሄዳል። አንድ ቀን ቢሆን አጋጣሚ ነው። እኔ ግን በሳምንት አራት ጊዜ አየሁ።

ስዊቹን ብረት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት። እሳቸው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ሌባ ገባ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ለአቧራው ነው።»

«አዎ፣ የዚህ አገር አቧራ ክፉ ነው» ብለው ሄዱ።

ኔትወርኩ በማግስቱም ጠፋ። ሌላ መላ አላቸው ብዬ አሰብሁ እንጂ እሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ በልቤ አልዞረም። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርሁት።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አልሁት። ያየሁት ከወንበር መነሳታቸውን ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ወደ መድኃኒት መጋዘን ተዛወሩ፤ በቦታቸው አንዲት ነርስ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ወረቀት ይዛ ተነሳች፤ ኔትወርኩ ጠፋ። እሷንም ልጠረጥር ቃጣኝ። ከዚያ ግን ሞክሬው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ፤ ኔትወርኩ እንደጠፋ ሳለ ቨርችዋል ማሽኑን ራሴ ዘጋሁት። ቀጥሎ ከላፕቶፔ ፒንግ ላክሁ፤ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። የተዘጋ ማሽን ዝም ነው የሚለው። ይሄ ግን «አለሁ» አለ። ደግሜ ላክሁ። «አለሁ።» በእሱ የኔትወርክ አድራሻ የሚመልስ ሌላ ማሽን አለ ማለት ነው።

ሳጥኑን ከፍቼ ኬብሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርሁ። ስድስተኛውን ስነቅል መልሱ ተቋረጠ። ኬብሉን በግድግዳው ላይ ስከተለው ላቦራቶሪ አደረሰኝ።

«ይሄ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ክፍት ነው?» ብዬ የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ጠየቅኋት።

«ኧረ በሙቀቱ ይቃጠልብኛል። የምርመራ ወረቀት ሲያመጡልኝ እከፍተዋለሁ፣ ስጨርስ አጠፋዋለሁ።»

ውስጡን ስፈትሽ የቨርችዋል ማሽኔን ቅጂ አገኘሁ፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ለመጠባበቂያ ብዬ፣ ለፋሲካ ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት ራሴ የገለበጥሁት ነው። አድራሻውን መቀየር ረስቻለሁ። ሁለት ማሽን በአንድ አድራሻ ሲቀመጥ መልእክቱ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል። ሽማግሌውም ወረቀት ይዘው የሚነሱት ላቦራቶሪ ለማድረስ ነበር።

ቅጂውን አጠፋሁ። ኃላፊው ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ፤ ከዚያ መጋዘን ገባሁ። ካርቶን ሲደረድሩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። እርስዎን ነበር የጠረጠርሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሰላምታህ። ሰላም ስትለኝ ፊቴን ትተህ እጄን ነበር የምታየው።»

ካርቶኑን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ።

«አውፍ ብዬሃለሁ፣ አብሽር» አሉኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አይዞህ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። ኔትወርኩም ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ጠፍቶ አያውቅም። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ፣ ከወንበራቸው በተነሱ ቁጥር በቢሮዬ በር ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ላቦራቶሪ ልሄድ ነው» ይሉኝ ነበር። ቀልድ ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። «እሺ ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ ፊታቸውን እያየሁ።