ኮማንደሩ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ ዕለት

መርሳ ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱት ሁሉ አንደኛው እኔ ነኝ። ይሄን ያልኩት ራሴ ነኝ፣ ሌላ የሚለው ስለጠፋ። ትምህርቱን አምስተኛ ላይ ብተወውም ደንበኞቼ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከሁሉም ትልቁ የባሕር ኃይሉ ኮማንደር ናቸው፤ ሀብሩ ወረዳችን ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ የለም።

የዚሁ የመርሳ ልጅ ናቸው። ምጽዋ እስኪወርዱ ድረስ ባሕር የሚባል አይተው አያውቁም። መጀመሪያ መርከብ ላይ የወጡ ቀን ሲያስመልሳቸው እንደዋለ ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ ተማሩ፣ መኮንን ሆኑ፣ መርከብ ተሰጣቸው። ስማቸው የገነነው ግን መንግሥት የወደቀ ጊዜ ነው። ያኔ የነበሩበት ወደብ ሲነድ መርከባቸውን ከነሰዎቿ አውጥተው የመን አደረሱ። አንድ ሰው አልጎደለባቸውም። ዛሬም ከሩቅ አገር እየመጡ ጉልበታቸውን የሚስሙ መርከበኞች አሉ፤ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። አሁን ማንጎ ያለማሉ። ዛፎቹን እንኳ በሰልፍ ነው የተከሏቸው።

ታዲያ ጎረቤታችን ውርጌሳ ከተማ አንዲት ልጅ ወደድኩ። እሷም ወዳኛለች፤ እንዴት አትወድም? ችግሩ አባቷ ናቸው። "ለዚያ ወሬኛ ልጄን አልሰጥም" ብለዋል አሉ። እኔም ኮማንደሩን ከአጎቴ ጋር ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ። እሳቸውን እንቢ የሚል ማን አለ? የሚያደርሳቸው ስላልነበረ ራሴው ነዳሁ። ሙሽራው የገዛ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሲሄድ መርሳ ሙሉ ሳቀብኝ።

ከአባቷ ቤት አጥር ሥር ባጃጄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰማሁ። እንደ ወጉ ቆመው ነው የሚነጋገሩት።

"ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?" አሉ አባትየው።

አጎቴ ቀበል አድርጎ "ባጃጁ የራሱ ነው" አለ።

"አይደለም፣ የሰው ነው" አሉ ኮማንደሩ።

አጎቴን ሳል ያዘው።

"ጋሼ፣ ሊያጋቡ ነው የመጡት ወይስ ሊያፋቱ?" አሉ አባትየው።

"መርከብ ላይ የውሸት ሪፖርት አልቀበልም ነበር፤ እዚህም አላቀርብም። ልጁ ወሬ ያበዛል። የሞላ ወንዝ ተሻገርኩ ይላል እንጂ ተሻግሮ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ውሃው ሲመጣ እኔም ተሳፍሬ ነበር። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ጎረምሶች 'እለፍ፣ አንተ ፈሪ!' ሲሉት ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ውሃው እስኪጎድል ሲሰደብ ቆየ።"

አጥሩ ሥር ሞትኩ። ያን ቀን ነዳጅ አለቀብኝ ብዬ ነበር ለሰው ያወራሁት።

ኮማንደሩ ቀጠሉ፦ "ደፋር መኮንን ብዙ አይቻለሁ። ሰው ጭኖ ስድብ የሚችል ግን ጥቂት ነው። እኔ ብሆን መርከቤን እሰጠው ነበር።"

እኔ መሪውን ጨምድጄ ይዣለሁ።

"ለወሬኛ አልሰጥም ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ለፈሪ ግን እሰጣለሁ። በሉ ቁጭ በሉ።"

ስንመለስ አጎቴ እስከ መርሳ ድረስ ኮማንደሩን አላናገራቸውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አንዲት ባጃጅ ቢጨምሩልን ምን ነበረበት?" እያለ ያጉረመርማል። ልጅቷን እንዳገኘሁ እንኳ ገና የገባው አይመስልም።