የማለዳ ሩጫዬ

እኛ አገር በማለዳ የሚሮጥ ጎልማሳ ከታየ ሰው ሞቷል ማለት ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ ተሰብስቦ ከሐዘንተኛው ደጃፍ እንዲደርስ አንድ እግረ ፈጣን ከመንደር መንደር ይላካል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደሴ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ግን ጭራሽ ከሐሳቤ ወጣ።

የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ሰውነቴን እየገደልኩ ነው። ፈተና በደረሰ ቁጥር ጫት ይዤ አድራለሁ፤ ጠዋት ቁርሱን ትቼ እተኛለሁ፤ የካፌውን ሽሮ አንዴ ሁለቴ ጎርሼ እነሳለሁ። ታላቅ ወንድሜ የድንበሩ ጦርነት እንደተጀመረ ዘምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እንቅልፍ ያጣሁት በጥናት ብቻ ነው ብል ውሸቴን ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ቆሜ ሳለከልክ የስፖርት መምህራችን አየኝ።

«በዚህ ዕድሜህ? በል ዛሬ ግቢውን በእርምጃ ዙር። ነገም ዙር። ሌላ ምንም አልልህም» አለኝ።

ዞርኩ። እርምጃው ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው ሩጫ። ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሸራ ጫማ ተውሼ ሳልመልስለት ቀረሁ። ጫቱን ተውኩ፤ በጊዜ መተኛት፣ ከሩጫ በፊት ውሃ መጠጣት፣ ቁርስ አለመዝለል ለመድኩ። ደስተኛ ሆንኩ አልልም። ስሮጥ ግን ወንድሜን አላስብም ነበር፤ ለእኔ ይኸው ይበቃኝ ነበር።

ለዕረፍት አገሬ ገባሁ። ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በነጋታው ልማዴ እንዳይቋረጥ ብዬ ገና ሳይነጋ ወጣሁና ዳገቱን ሮጬ ስመለስ፣ እናቴ ደጅ ስትጠርግ ከሩቅ አየችኝ። መጥረጊያውን ጣለች። ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ የወንድሜን ስም እየጠራች መሬት ላይ ተዘረረች። ጎረቤቱ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«እማ፣ እኔ ነኝ! ስፖርት ነው! ምንም የለም!» እያልኩ ደረስኩ።

አንዲት ጎረቤታችን ደረቷን እንደያዘች፣ «ኧረ በላሊበላ! ሰው ሳይሞት የሚያስሮጥ ምን ያለ ትምህርት ነው?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። እናቴ እስኪመሽ ድረስ አላናገረችኝም። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ከቤት አልወጣሁም፤ ሸራ ጫማዬን አልጋ ስር ወረወርኩት። ያወጣችው እሷው ናት።

«ባለፈው ስትመጣ አጥንትህ ገጥጦ ነበር። አሁን ሰው መስለሃል። ሩጥ ልጀ። ብቻ ስትወጣ ልይህ፤ አንተ መሆንህን ልወቅ።»

ከዚያ በኋላ በየዕረፍቱ ሥርዓታችን ይኸው ሆነ። ከመውጣቴ በፊት በሩ ላይ እቆምላታለሁ፤ እሷም በጣሳ ውሃ ትሰጠኛለች። ውሃ ሳይጠጡ መሮጥ ጥሩ አይደለም ብዬ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ አንድም ቀን አልረሳችውም። ለጎረቤቶቿ «የኔ ልጅ ነው፣ ስፖርቱን ነው» ትላቸዋለች በኩራት። በማለዳ የሚሮጥ ሰው ከእንግዲህ አያስደነግጣትም። ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጦርነቱ አልቆ በመጨረሻው ዓመት ዕረፍቴ ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የእናቴ ወንድም፣ ቄሱ አጎቴ፣ ቤቱ አስጠራኝ። ስገባ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

«ወንድምህ አርፏል» አለኝ አጎቴ። «ዛሬ ከቀበሌ ነገሩን።»

አለቀስኩ። አልከለከሉኝም። ሲበቃኝ አጎቴ ፊቴን አስታጠበኝና የቀረውን ነገረኝ። ከገደሉ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን ማለዳ መድረስ አለባቸው፤ ማታውን ከሰሙ ግን እስኪነጋ አይችሉትም፣ ለቅሶው ገደሉን ተሻግሮ እናቴ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ሮጦ ይጠራቸዋል።

«አንተ ሂድ» አለኝ።

«አባ፣ እባክዎ ሌላ ሰው ይላኩ። እኔ አልችልም።»

«ሌላ ሰው ሲሮጥ ካየች ታውቃለች፤ ሰው ሳይደርስላት ብቻዋን ትወድቅብናለች። አንተን ብታይ አትደነግጥም።»

ቤት ገብቼ እናቴ ያቀረበችውን እራት በላሁ። ዓይኔ መቅላቱን አይታ ጭስ ነው ብላ ምድጃውን አራቀችልኝ። እዚያው ማዕዱ ላይ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

ጎህ ሲቀድ ሸራ ጫማዬን አሰርኩ። ቀስ ብዬ ልውጣ ስል ከእኔ ቀድማ ተነሥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዛሬ ደግሞ ውሃ ሳትጠጣ?» አለችና ጣሳውን ሰጠችኝ።

ጠጣሁ።

«ቶሎ ተመለስ፤ ቁርስህን ሠርቼ እጠብቅሃለሁ።»

ሮጥኩ። ከመንገዱ ማዶ አንዱ ጎረቤት ከቤቱ ብቅ ብሎ ወደ እኔ ሲያንጋጥጥ፣ እናቴ ከኋላዬ ስትስቅና ስትጣራ ሰማኋት።

«አይዞህ አትደንግጥ! የኔ ልጅ ነው፣ ስፖርቱን ነው!»