ትሕትና ስታለቅስ

አማከለች ፉሪ ውስጥ የታወቀች ናት ብል ውሸት ነው፤ ማንም አያውቃትም። በጠዋት ወጥታ ብስራተ ገብርኤል አንድ ሕንፃ ትወለውላለች፣ ሲመሽ ትገባለች፣ በቃ። እኔ ግን አንድ ግድግዳ ስለምንጋራ አውቃታለሁ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ያላት ልጇ ትሕትና ብቻ ናት። ዕድሜዋ ሦስት ዓመት፣ ምላሷ የአሮጊት!

ይህችው ልጅ ናት የጋለ የከሰል ምድጃ ላይ በመዳፏ የወደቀችው። ቁስሉ ሲድን እልል አልን። ምን ዋጋ አለው! ቆዳው እየተኮማተረ ጣቶቿን ወደ መዳፏ ጎትቶ አጣበቃቸው። ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ቀረ። በዚህ እጅ ነገ እርሳስ እንዴት ትይዛለች?

አማከለች ስንት ደጅ ጠንታ አሳከመቻት። ከጭኗ ቆዳ ወስደው መዳፏ ላይ አደረጉላት፣ ጣቶቿም ተዘረጉ። ሐኪሙ እንዳይታጠፉ በፕላስቲክ ድጋፍ ደግፎ በፋሻ አሰረና፣ "እናት፣ ብታለቅስም እስከ ቀጠሮሽ እንዳትፈቺው። ከፈታሽው ቆዳው ተመልሶ ይሰበሰባል" አላት። እሷም ቀን ቀን ልጅቷን ለሚይዙላት ለአከራያችን ለእማማ ወርቅዬ ይህንኑ አደራ አለች።

በእኛ ግቢ ግን ልጅ ሲያለቅስ የሚያስችለው ሰው የለም። የማንም ልጅ ይሁን፣ የያዘውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ትሕትና "አመመኝ፣ ፍቺልኝ" ስትል የእማማን አንጀት ትበላዋለች። "እኔን ይድፋኝ! ይሄ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!" እያሉ ይፈቱላታል፤ እናቷ ከመግባቷ በፊት መልሰው ያስሩታል። ክፋት የት ያውቁና!

የቀጠሮው ቀን ፋሻው ሲፈታ ጣቶቿ ታጥፈዋል። ሐኪሙ እንደገና ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ። እማማ ወርቅዬ ይፈቱላት እንደነበር ተናዘው አማከለች እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ደግፋ አነሳቻቸውና፣ "እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እማማ" አለቻቸው። እኔ ብሆን ግቢውን ቀውጢ አደርገው ነበር! እሷ ግን ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ካለፈ በኋላ ሐኪሙ፣ አሁን ደግሞ በየቀኑ ጣቶቿን እየሳብሽ ዘርጊና መልሰሽ እሰሪ ብሎ አዘዛት። አማከለች በየበራችን ዞረች። "በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ስታለቅስ አትምጡላት" አለችን። እንዲህ ያለ ልመና ሰምቼ አላውቅም።

እሁድ ዕለት ጀመረች። ትሕትና "እማዬ ተይኝ!" ብላ ጮኸች። እናቷ አልተወቻትም፤ እሷም እያነባች ነው። ያቺ ምላሳም እኛን መጣራት ጀመረች። "እማማ ወርቅዬ! ነይልኝ!" እማማ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን በነጠላቸው ደፍነዋል። ከማዶ ያለችውን ከድጃን ጠራች። ከድጃ የምታሰጣውን ልብስ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ከዚያ ግድግዳውን በእግሯ ትመታ ጀመር።

"ቤቲዬ! ቤቲዬ፣ አለሽ?"

ግድግዳው ስስ ነው፤ ትንፋሿ ሁሉ ይሰማኛል። አልመለስኩላትም።