ሰላምታ የማይጠብቀው መስመር

ለብዙ ዓመታት በሬዲዮ ዜና ሳነብ ስለኖርኩ፣ ዲላ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ መውረጃዬን ስናገር ሾፌሩ ዞር ብሎ የሚያየኝ ጊዜ ብዙ ነበር። በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ገደማ የቡና ገበሬዎችን የሚያግዝ አንድ ፕሮጀክት ድምፄን የጠየቀኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ገበሬው በነፃ መስመር ይደውልና የአካባቢውን ስም ይናገራል። ኮምፒውተሩ ንግግሩን ለይቶ፣ በዚያ ቀን እሸት ቡና የሚቀበለው የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ በእኔ ድምፅ ይነግረዋል። በይርጋጨፌና በኮቸሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀይ ሆኖ የተለቀመ ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ የጣቢያው ማድረቂያ አልጋ ሞልቶ በሩ ተዘግቶ ከጠበቀው ደግሞ ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ይመለሳል።

ዲላ ባለው የፕሮጀክቱ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። አገልግሎቱ ሦስት ቦታ ላይ እንደተተከለ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ዴቨሎፕመንት፣ ስቴጂንግ፣ ፕሮዳክሽን ትላቸዋለች። እኔ ለራሴ መሥሪያው፣ መለማመጃው፣ እውነተኛው ብዬ ያዝኳቸው። ሁለቱ በእሷ እጅ ሲሆኑ እውነተኛው አዲስ አበባ፣ በዋናው ቢሮ ቁልፍ ሥር ነበር።

በሙከራው ወቅት ኮቸሬ ውስጥ ካለችው ከፍስሐ ገነት የተደወሉትን ጥሪዎች አብረን አዳመጥን። እኔ «እባክዎ የአካባቢዎን ስም ይናገሩ» እላለሁ። ደዋዩ ይቀጥላል፦ «ጤና ይስጥልኝ! እንዴት ሰነበትክ? ቤተሰብ ደህና? ባለፈው ዜና ስታነብ ጉንፋን የያዘህ መስሎን ነበር፣ ተሻለህ?» ማሽኑ የሚያዳምጠው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰፈር ስም ፈልጎ ያጣል። ሰላም ሳይባል ጉዳይ አይነሳም፤ በዚያ ላይ ድምፁን ያውቁታል።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለምን መረጥንዎት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ የማዳመጫውን ጊዜ አስረዘመችው፤ ሰላምታውንም አሳልፎ ስሙን እንዲጠብቅ አደረገችው። መሥሪያው ላይ ሠራ፣ መለማመጃው ላይም ሠራ። ማስተካከያውን ለአዲስ አበባ ጽፋ ላከች። አገልግሎቱም ተከፈተ።

ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው አሪቻ የሄድኩት ቅዳሜ ቀን ነው፣ ስለ ለቀማው ዘገባ ልሠራ። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር የሆነ አንዲት ባል የሞተባቸው እናት በራቸው ላይ ጆንያ አስደግፈው ቆመው ነበር። ከጧት ጀምረው የለቀሙት ነው። ከእሳቸው ማሳ በዚያ ዓመት የሚወጣው ደህና ቡና ይኸው እንደነበር፣ ሽጠውትም ለሚያፈሰው ጣሪያቸው ቆርቆሮ እንደሚገዙ ነገሩኝ። ቅርቡ ጣቢያ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ሌላው ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ ነው። የትኛው እንደሚቀበል ለማወቅ ስልካቸውን አወጡ።

«እባክዎ የአካባቢዎን ስም ይናገሩ» አልኩ ከስልኩ ውስጥ።

«ደህና ዋልክ ልጄ? ሰላም ነህ? ቤት ሰላም ነው?»

«አልሰማሁዎትም። እባክዎ እንደገና ይናገሩ።»

አጠገባቸው ቆሜ፣ «እማማ፣ ሰላምታውን ይተዉት። የሰፈሩን ስም ብቻ ይንገሩት» አልኳቸው።

«እንዴ! ሰው አግኝቼ ዝም ብዬ ጉዳዬን ልዘርግፍ?»

«ሰው አይደለም እኮ፣ የተቀዳ ነው።»

«ያንተ ድምፅ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«እና?»

ሁለተኛውን ሙከራ አሁንም «ደህና ዋልክ» በላው። በሦስተኛው ስሙን ብቻ ለመናገር ወሰኑ፤ ግን ድምፄ ሲመጣ አፋቸው ከልማዱ አልወጣም። ስልኩን ተቀብዬ እኔው ልናገር ስደውል፣ በረጋው የዜና ድምፄ እንዲህ ስል ሰማሁ፦ «ለዛሬ የተፈቀደው ሙከራ አልቋል። እባክዎ ነገ ይደውሉ።»

አጠገባችን ቆሞ ጥሪውን ያዳምጥ የነበረ አንድ ጎረቤታቸው በሳቅ ተንፈራፈረ። «አንተ እዚህ እማማ እማማ ትላለህ፣ እዚያ ደግሞ ታባርራቸዋለህ! የትኛችሁን እንመን?»

በእኔ ስልክ ሞከርኩ። መስመሩ የተመዘገበ የገበሬ ቁጥር ብቻ ነበር የሚቀበለው። የጎረቤቱም አልተመዘገበም። ቁጥራቸው እኔ ዘንድ ያለ ሁለት የጣቢያ ሠራተኞች ጋር ደወልኩ፤ የአንዱ ተዘግቷል፣ ሌላው አያነሳም። በመጨረሻ ዲላ፣ ባለሙያዋ ጋር ደወልኩ።

«አስተካክለነው አልነበረም እንዴ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ነው የሚተላለፈው። ቅንብሩ አብሮ አይሄድም። የማዳመጫው ጊዜ፣ ደዋዩ በቀን ስንቴ መሞከር እንደሚችል የሚወስነው ገደብ፣ ሁሉም በየቦታው በእጅ ነው የሚሞላው። እኔ ጋ ገደቡን ለሙከራ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። እነሱ ጋ የድሮው እንዳለ ነው ማለት ነው።»

«እሺ፣ በመለማመጃው ልደውል። እሱ ይሰማል አይደል?»

«በደንብ ይሰማል። ግን እዚያ ያሉትን ጣቢያዎች ክፍትና ዝግ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ለሙከራ። የዛሬው መረጃ የሚገባው ፕሮዳክሽን ላይ ብቻ ነው።»

የሚሰማው ማሽን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ደግሞ አይሰማም።

«አንቺ እውነተኛውን ከፍተሽ ማየት አትችይም?»

«ፈቃድ የለኝም። ፈቃዱን የያዘው ልጅ ሠርግ ብሎ አገር ቤት ሄዷል። እየደወልኩለት ነው፣ ኔትወርክ የለም። ሰኞ ይገባል።»

እኔ ያለኝን ጥያቄ ሁሉ ጠይቄ ጨርሻለሁ። በሥራዬ ጥያቄ ሲያልቅ ወሬው ተሟልቷል ማለት ነው፤ እዚህ ግን የተሟላ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ሰማዩን አዩና፣ «ወደ ቅርቡ እንሂድ» አሉ።

ጎረቤቱና እኔ ጆንያውን እየተቀባበልን ወረድን። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው በአጥሩ ቀዳዳ አልጋዎቹን አሳየን፤ ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋል። «የማዶው ይቀበል ነበር፣ ሰዎች ወደዚያ ቡና ጭነው ሲሄዱ አይቻለሁ። አሁን ግን ብትሄዱም ሳትደርሱ ይመሻል» አለን። ሴትዮዋ አልተቆጡም። የዘበኛውን ልጆች ደህንነት ጠይቀው ዳገቱን ተያያዙት።

ሰኞ ዕለት ቅንብሩ እንደተስተካከለ ባለሙያዋ ነገረችኝ። ቁጥሮቹን ለመቀየር ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ እንኳ አልፈጀም አለች። ትክክል መሆኑን በተመዘገበ ስልክ አረጋግጫለሁ።

ያን ቅዳሜ ግን ሴትዮዋ ቡናውን ከቤታቸው ጎን ባለ የቀርከሃ አልጋ ላይ ዘረጉት። ከእንግዲህ የሚሸጠው ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ሆኖ ነው፤ ደርቆ እስኪያልቅ ሳምንታት ይወስዳል፣ ዋጋውም የእሸቱን አያህልም። በዚያ ዋጋ ቆርቆሮው ለመጪው ክረምት እንደማይደርስ ሳልጠይቃቸው ገባኝ።

ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ወደ ቤት ገቡና ከጣሪያው ሥር፣ ከመኝታቸው በላይ ወጥረውት የነበረውን ላስቲክ ፈትተው ይዘው ወጡ። ቡናው ላይ መዘርጋት ጀመሩ።

«እርስዎስ የት ሊተኙ ነው?» አልኳቸው።

«ከወዲያኛው ጥግ ውሃው አይደርስም። ያንን ጫፍ ያዝልኝ፣ ነፋሱ ሊወስደው ነው።»

ያዝኩላቸው።