ሂናው የሸፈነው ጥፍር

ስድስት ዓመት ሙሉ የግራ እጄ ሌባ ጣት አሳበደኝ። እብጠት የለው፣ ቁስል የለው። ለሱብሂ ሶላት ዉዱእ ሳደርግ ግን ቀዝቃዛው ውሃ ጥፍሬን ሲነካው ሕመሙ እስከ ብብቴ ይዘልቃል። አዳማ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቁን ወደ መርፌው የምመራው በዚያችው ጣት ነው። በጮህኩ ቁጥር አብራኝ የምትሠራው እናቴ "ሥራ ሲበዛ የሚነሳ በሽታ" ትለኛለች። የወሎ ሰው ናት፤ ቀልዷ ያቆስላል።

ያልሄድኩበት ክሊኒክ የለም። አንዱ ነርቭ ነው ብሎ ቫይታሚን ሰጠኝ፣ ሌላው ራጅ አንስቶ ምንም የለም አለ። የመጨረሻው፣ ካልቻልሽው ጫፉን መቁረጥ ነው አለኝ። ይቆረጥ አልኩ። እውነቴን ነው፤ ቀጠሮም ይዤ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት አንዲት ደንበኛዬ ቢሾፍቱ ወዳሉ የእጅ ሐኪም ላከችኝ። ሽማግሌ ናቸው። ራጁን ገፋ አድርገው ጥፍሬን በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ እያሉ ይነካኩ ጀመር። ጫፉ ላይ ምንም፣ መሐሉ ላይ ምንም። ከሥሩ አጠገብ ሲደርሱ ከወንበሩ ዘለልኩ። ከዚያ ጥፍሬን አተኩረው አዩና "ይኼን ሂና መቼ ነው የተቀባሽው?" አሉኝ።

ያልተቀባሁበት ጊዜ መች አለ? ጣቴ ባመመኝ ቁጥር እናቴ ሕመም ይስባል ብላ ሂና ታስርልኝ ነበር። ሐኪሙ ከጥፍሩ ሥር ትንሽ እጢ ጠርጥረዋል፤ እንዲህ ያለው እጢ ጥፍሩ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ የእኔን ግን፣ ካለ፣ የሂናው ቅላት ሸፍኖታል። ጥፍር የያዘ ሂና ደግሞ ታጥቦ አይለቅም፣ ጥፍሩ አድጎ ሲቆረጥ ነው የሚጠፋው። እስከዚያ ጣትሽን ማንም እንዳይቆርጠው ብለው ሸኙኝ።

ሁለት ወር ጠበቅኩ። መሐል ላይ ኢድ ደረሰና እናቴ ሂናውን በጥብጣ መጣች። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። በባዶ እጅ ኢድ አለ ወይ ብላ ተቆጣች፤ ሦስት ቀን ተኳረፍን። እኔ ግን በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ ከሥር የሚወጣውን ጥፍር እመረምራለሁ። ምንም ባይኖርበትስ? እንግዲያው እናቴ ልክ ናት፣ እኔም ወይ ሰነፍ ወይ እብድ ነኝ። ይህ ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ቀዩ የለቀቀው ቦታ ላይ ሰማያዊ ጥላ አየሁ። በሽታ ተገኘብኝ ብሎ አልሐምዱሊላህ ያለ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ቢሾፍቱ ስመለስ ሐኪሙ ጣቴን አደንዝዘው፣ ጥፍሩን አንስተው እጢውን አወጡት። ለምርመራ ከመላኩ በፊት በር ላይ ስትጠብቅ ለነበረችው እናቴ በብልቃጥ አሳዩዋት። ምስር እንኳ አያህልም። እንዲህ ያለው ትንሽ ቢሆንም ሕመሙ ትልቅ ሰው ያስለቅሳል አሏት።

በሚኒባስ ስንመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "እኔ እኮ ውሸትሽን መስሎኝ ነበር" አለች።

ምንም አይደል እማ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ግን ስድስቱን ዓመት በአንድ ቃል መተው አልሆነልኝም፤ ሞጆን አልፈን አዳማ እስክንገባ ድረስ በፋሻ የታሰረውን ጣቴን እያየሁ ሄድኩ።